ማገሩ ላይ የታሰረው አጥንት

ሙሌ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ተውኩት። እዚያ እንዴት እንደሚሰነበት የሚያውቅ የለምና። ከተለየኸን ክረምቱ ወጣ፣ መስቀል አለፈ፣ ይኸው ገናም ትናንት ተከበረ። የቀብርህ ዕለት ዝናቡ አላባራ ብሎ አፈሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖብን ነበር፤ አሁን ደርቆ ሣር በቅሎበታል። መቃብርህ አጠገብ ስቆም አፌ ይተሳሰራል። ሰው ሲያልፍ ደግሞ «ይቺ ሴትዮ ብቻዋን ታወራለች» የሚለኝ ይመስለኛል። ስለዚህ መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። የግቢውን በር አንተ የማትወደውን አረንጓዴ ቀባነው። ባለሱቁ ሌላ ቀለም የለም ብሎኝ ነው፤ ሌላ ቀለም ግን ከመደርደሪያው ጀርባ ሳይደብቅ አልቀረም። ውሃው እንደ ድሮው ደስ ሲለው ይመጣል። ልጃችን ሰናይት ክር ፋብሪካ ተቀጥራ እየሠራች ነው፤ ደክሟት ትገባለች፣ ትንሽ ትቀምሳለች፣ ትተኛለች። እኔ ጥቁር ልብሴን አላወለቅኩም። ጠርጣራነቴም አልለቀቀኝም። «ወይኒ፣ አንቺ እኮ የገዛ ጥላሽ ቢከተልሽ ማን ላከው ትያለሽ» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የሚስቅብኝ ሰው ሲጠፋ ጊዜ ጭራሽ ባሰብኝ። ዛሬ የምጽፍልህም ይኼው ጠባዬ ምን እንዳደረሰኝ ልነግርህ ነው።

ጊታርህ ሳሎን ግድግዳ ላይ አንገት ሳይኖራት ተሰቅላ ከረመች። አንገቷ የተሰነጠቀው የፋሲካ ሰሞን እንደሆነ ታስታውሳለህ። ለግራኝ የሚሆን ዕቃ መርካቶን ብታካልል አይገኝም፤ አባትና ልጅ ደግሞ ሁለታችሁም ግራኝ። ስለዚህ ሱሉልታ ኦቦ ደበላ ዘንድ ሄደህ አዲስ አንገት በልክ አዘዝክ፤ ክሮቹ ላይና ታች የሚያርፉባቸውን ሁለት ቀጫጭን ቁራጮችም ጭምር። ድሮ ክራር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፣ እጃቸው ወርቅ ነው አልከኝ። «ለገና ይደርሳል» አልከኝ። ከዚያ ታመምክ። ክረምቱ ሳይወጣ ሄድክ።

ለምን ለገና እንዳልክ አውቃለሁ። ሌላው ሰው በበዓል ቀን በልቶ ጠጥቶ ሲጋደም፣ አንተ ምሳ እንደተነሳ ጊታርህን ትከሻህ ላይ አድርገህ፣ እኔን አገልግል አሸክመህ፣ ሰናይትን ከፊት አስቀድመህ ወደ ክር ፋብሪካው በር ትወስደን ነበር። በበዓል ተረኛ የሆኑ ጥበቃዎች ዘንድ። አብዛኛው ማሽን ቆሞ ግቢው ጭር ሲል፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ሰዎች አንድ ሬዲዮ ከበው ሲውሉ ማየት አያስችልህም። አብረናቸው እንበላለን፣ አንተ ትጫወታለህ፣ ሰናይት ታንጎራጉራለች። መጀመሪያ ሰሞን «የገዛ ዘመዶቻችንን ሳንጠይቅ ዘበኛ ልንጠይቅ» እያልኩ አኩርፌ እንደነበር አትረሳም። ኋላ ግን ያለዚያ በር በዓሉ በዓል አልመስል አለኝ።

ካንተ በኋላ ሰናይት ሬዲዮ እንኳን ከፍታ አታውቅም። ገና ሲቃረብ ቁርጥ አድርጋ ነገረችኝ፤ አባዬ ያዘዘው አንገት ከደረሰ በሩ ላይ ሄጄ እጫወታለሁ፣ ካልደረሰ ግን በዓል የሚባል ነገር አላውቅም፣ የዚያን ቀን ተረኛ አድርጉኝ ብዬ ሥራ እገባለሁ አለች። ብቻዬን ቤት መዋሌን አልነበረም የፈራሁት። ልጄ አንዴ በዓልን መሸሽ ከለመደች ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሽ እንዳትኖር ነው የፈራሁት። ስለዚህ ያን አንገት ከመሬትም ቢሆን ቆፍሬ ማምጣት ነበረብኝ።

ሱሉልታ ተመላለስኩ። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ታክሲ። ደርሼ ስቆም ኦቦ ደበላ ከመቀመጫቸው ተነስተው በሁለት እጃቸው ይጨብጡኛል፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቁኛል። ከዚያ ቦርሳዬን ያያሉ። እጄንም ያያሉ። «ገና ነው፤ ቦሩ ኮቱ፣ አዴ ወይንሸት» ይሉኛል፣ ነገ ነይ ማለታቸው ነው። ምኑ ነው ገና? አይናገሩም። በሌላ ጊዜ ስሄድም ያው፤ ቦርሳዬን ያያሉ፣ ቦሩ ኮቱ ይላሉ። ሰውዬው ጉቦ መልመዳቸው ነው አልኩ። ቀጥሎ ደግሞ አንገቱን ለሌላ ሸጠውት ነው አልኩ። ሱቃቸው ውስጥ የተሰቀሉትን እንጨቶች አንድ በአንድ በዓይኔ ስበረብር፣ ጥግ ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቅ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቤ ሌባ አድርጌያቸዋለሁ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ እህትህ እትዬ በላይነሽ ከቡራዩ መመላለስ አበዙ። አንተ እያለህ ለበዓል ለበዓል ነበር የሚመጡት። አሁን ግን በሆነው ባልሆነው ብቅ ይላሉ። ለመምጣታቸውስ ግድ የለኝም። የከነከነኝ ዓይናቸው ነው። በረንዳው ላይ እንደወጡ፣ ገና ሰላም ሳይሉኝ፣ ቀና ብለው ጥጉን ያያሉ። ከቆርቆሮው ስር፣ ማገሩ ጋ። አይተው ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ ይገባሉ። ሲወጡም እንደዚያው። መጀመሪያ ቤቱን እየገመቱት ነው ብዬ ነበር፤ ወንድሜ የሠራው ቤት ነው፣ ድርሻ አለኝ ሊሉ ነው ብዬ። ቤት የሚገምት ሰው ግን አንድ ጥግ ብቻ ያያል?

አንድ ቀን እንደሸኘኋቸው መሰላል አምጥቼ ወጣሁ። ማገሩ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታስሯል። ፈታሁት። አጥንት ነው ሙሌ! የደረቀ፣ የነጣ፣ ሁለት ጫፉ የተቆረጠ ወፍራም አጥንት። ጨርቁን ባየሁት ጊዜ ደግሞ ከመሰላሉ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ የእትዬ በላይነሽ ነጠላ ቁራጭ ነው። ያንን ቢጫ ጥለት ከሺህ ነጠላ መሀል እለየዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ያሰብኩትን አንተ ታውቀዋለህ። መተት! በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ራሴ ላይ! ደህና የነበረ ሰውዬ በአንድ ክረምት ከስቶ የሄደው ለካ ለዚህ ነው አልኩ። በልቤ እትዬ ማለቱን ትቼ አንቺ አልኳቸው፤ ከዚያም የባሰ ብያቸዋለሁ። ለሰናይት አልነገርኳትም። ዳግመኛ በእጄ ሳልነካ በእሳት መቆንጠጫ አንስቼ፣ ፌስታል ውስጥ ከትቼ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል አስሬ በማግስቱ መንገድ ጀመርኩ። መተት ከመጣበት አቅጣጫ ተመልሶ ውሃ ላይ ይጣላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ቡራዩን አልፌ ገፈርሳ ግድብ ወረድኩ። ውሃው ዳር ስጠጋ ጥበቃው «እማማ፣ ይሄ እኮ የሚጠጣ ውሃ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። እማማ ለመባል ዕድሜዬ አልደረሰም፤ ቢሆንም አልተከራከርኩም። ወደ ባሕር ዛፉ ገባ ብዬ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገለበጥኩ፣ ከነጨርቁ ከፌስታሉ አራግፌ ስሩ ቀበርኩት፣ ድንጋዩን መለስኩ፣ ሦስቴ አማተብኩና ዞር ብዬ ሳላይ ሄድኩ።

እቤት ስደርስ ቀለለኝ። የእትዬ በላይነሽን ስልክ ማንሳት አቆምኩ። ለገና ብለው የላኩትን ቅቤ ለጎረቤት ውሻ ሰጠሁት፤ ይሞት እንደሆነ ልይ ብዬ። ወፈረ እንጂ አልሞተም። እሱንም ቢሆን መተቱ ስለተቀበረ ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሳይደውሉ መጡ። እንደ ልማዳቸው ቀና ብለው ጥጉን አዩ። ባዶ ነው። ፊታቸው እንዴት እንደተለወጠ ብነግርህ! ዞረው እኔን አዩኝ። እኔም አፍጥጬ አየኋቸው። ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ሄዱ። ተያዘች አልኩ በልቤ።

ገና ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ሱሉልታ ለመጨረሻ ጊዜ ሄድኩ። በዚህኛው ለመለመን አልነበረም፤ የዕድሩን ሽማግሌዎች ይዤ እመጣለሁ ብዬ ላስፈራራ ነበር። ኦቦ ደበላ ተነሱ፣ በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፣ ቦርሳዬን አዩ። አልቻልኩም። ሰው ፊት ጮህኩባቸው። የሟች ዕቃ በልተው እንደማይበረክትላቸው፣ የልጄን በዓል እንደቀሙኝ፣ አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩ። ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ጥጉ ሄደው ያንን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

ፈታሁት። የጊታር አንገት ነው፤ እንደ መስታወት የተወለወለ። ሥራው ካለቀ ቆይቷል። ጫፉ ላይ ግን አንድ ቀጭን ቦይ ባዶውን ቀርቷል።

«ሙሉጌታ ነው እንዲህ ያለኝ» አሉ። ክሩ የሚያርፍበትን እኔ አመጣለሁ፣ የቤታችን የፋሲካ በሬ አጥንት ይሁንልኝ፣ በቅርጫ የደረሰኝን ቆርቆሮ ስር ሰቅዬ እያደረቅኩት ነው ብለሃቸው ሄድክ። ሌላ አጥንት እንደሆነ ሞልቷቸዋል። የሞተ ሰው ቃል ግን አይታጠፍም አሉኝ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብዬ ጮህኩ። ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ መለሱልኝ። «አዬ አዴ! ከል ለብሳ ለመጣች ሴት ስለ አጥንት እንዴት አንስቼ አወራለሁ? ነውር አይደለም? አንቺው ታውቂያለሽ፣ ይዘሽው ትመጫለሽ ብዬ ቦርሳሽን ሳይ ከረምኩ።»

ጭኔ ላይ ያለው እንጨት እንደ ድንጋይ ከበደኝ። አጥንቱ ምን እንደሚመስል አልጠየቅኳቸውም። ሁለት ጫፉ የተቆረጠ፣ የነጣ፣ ወፍራም ነው። የት እንዳለም ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዚያ በቀጥታ ቡራዩ ወረድኩ። እትዬ በላይነሽ በሩን ሲከፍቱልኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ነበር፤ ያዙኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መተት ማለቴን፣ መቆንጠጫውን፣ ገፈርሳን። ሲያዳምጡ አንተን ነው የሚመስሉት። ከዚያ ሳቁ፤ ጎናቸውን ይዘው እንባቸው እስኪወርድ። ለካ አጥንቱን ስትሰቅል መሰላሉን የያዙልህ እሳቸው ናቸው። ነጠላቸውም በመሰላሉ ሚስማር ተይዞ ሲቀደድ «በቃ ለመጠቅለያ ይሁነኝ» ብለህ ወሰድክባቸው። «ለወይኒ እንዳትነግሪያት፣ አጥንት ቤቴ ላይ ሰቀለ ብላ ትጮሃለች» ብለህ አስምለሃቸው፣ አንተ ከሞትክ በኋላም መሐላቸውን ይዘው በመጡ ቁጥር አጥንቱ በቦታው መኖሩን ቀና ብለው ያዩልህ ነበር። የጠፋ ዕለት እኔን ጠርጥረዋል። የወንድሜን ነገር ሁሉ ጠራርጋ መጣል ጀመረች ብለው እቤታቸው ገብተው አልቅሰዋል። መተተኛ ማለቴን ወዲያው ይቅር አሉኝ። ቅቤው ለውሻ እንደተሰጠ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ እሱን እስከ ዛሬ ይቅር ያሉኝ አይመስለኝም።

አብረን ገፈርሳ ሄድን። ባሕር ዛፉ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ ድንጋዩም ሁሉ ጠፍጣፋ። ዞር ብዬ ሳላይ መሄዴ ያኔ ነው የቆጨኝ። እየገለበጥን፣ እየመለስን፣ እሳቸው ወገባቸውን ይዘው እያቃሰቱ፣ እኔ እያለቀስኩ ስንፈልግ ዋልን። ያው ጥበቃ መጥቶ ምን እንደጠፋን ጠየቀን። አጥንት ነው ብንለው ምን እንደሚያስብ ስላወቅን ወርቅ ነው አልነው፤ እሱም ከእኛ ጋር መገልበጥ ጀመረ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ እትዬ በላይነሽ ቢጫ ጥለት አዩ። ጥበቃው ጨርቁ ውስጥ ያለውን ሲያይ ሁለታችንንም ተራ በተራ ተመለከተና ወደ ኋላው ሄደ። ያ ሰው ስለ እኛ ምን እንደሚያወራ እግዜር ይወቅ።

ኦቦ ደበላ አጥንቱን ቆርጠው፣ ሞርደው፣ ክር መያዣውን ለግራኝ አገላብጠው ጠረቡት። ጊታሯን ከግድግዳ አውርጄ ወሰድኩላቸው፤ አንገቱን ከአካሏ ጋር ገጠሙት። ለበዓሉ ዋዜማ አደረሱልን። «ገለቶሚ» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ፣ ምስጋናው የሙሉጌታ ነው ብለው።

ትናንት ምሳ እንደተነሳ ወጣን። እኔ፣ ሰናይት፣ እትዬ በላይነሽም አገልግሉን ይዘው። በሩ ላይ ያሉት ጥበቃዎች ከሩቅ ሲያዩን ተነሱ። አንደኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ስምህን እየጠሩ ተቀበሉን። በላን። ከዚያ ሰናይት የጥበቃዎቹ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፣ ጊታሯን አቀፈች፣ አዲሱን አንገት ጨበጠች።

ያኔ ነው ያየሁት።

የድሮውን አንገት አንተ ነበርክ ጭብጥ አድርገህ የምትይዘው፤ መዳፍህ ሰፊ ነው። ሰናይት ስትሞክር ጣቷ አይደርስላትም ነበር፤ «አባዬ፣ ይሄ ያንተ እጅ ነው» እያለች ትማረር ነበር። ትናንት ግን ጣቶቿ ዙሪያውን አልፈው ክሮቹ ላይ በቀላሉ አረፉ። አንገቱ ቀጭን ነው። ልኩ የእሷ ነው። አንተ በፋሲካ፣ ገና ሳትተኛ፣ ደህና ነኝ ብለህ ቁርጥ እየበላህ፣ አዲስ የጊታር አንገት በራስህ እጅ ልክ አላዘዝክም።

ዞር ብዬ እትዬ በላይነሽን አየኋቸው። ሁልጊዜ ቀና ብለው የሚያዩት ሴትዮ መሬት መሬት ያያሉ። ልጅቷ እየተጫወተች ስለነበር ጆሮዬ ስር ነው የነገሩኝ። «ያን ቀን መሰላሉን ለምን የያዝኩለት ይመስልሻል? ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪሙ ያለውን ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ያስማለኝ ስለ አጥንቱ ብቻ አይደለም።»

ተናደድኩብህ ሙሌ። እዚያው በሩ ላይ፣ ልጃችን እየተጫወተች፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ እኔ በንዴት ተቃጠልኩ። ባለሱቁን ጠረጠርኩ፣ ሽማግሌውን ጠረጠርኩ፣ እህትህን ጠረጠርኩ፣ ቅቤውን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ብቻ ነበር ጠርጥሬው የማላውቀው፤ እሱ ነው ያታለለኝ። ብትነግረኝ ኖሮ ምን አደርግ ነበር? አላውቅም። እጮህ ነበር መቼም። ያን ጩኸት ፈርተህ ይሆናል። ወይም አንድ ፋሲካ እንኳን ሳልሰጋ እንድውል አስበህ ይሆናል። ያን በዓል ሳስታውሰው እንደ ልቤ ስቄአለሁ። እንደዚያ የሳቅኩበት በዓል አልነበረም። ይቅር ብዬሃለሁ ማለት ግን ዛሬ አልችልም፤ እየሞከርኩ ነው።

ሰናይት ሳትጠይቀኝ ለፋሲካም እንመጣለን ብላ ለጥበቃዎቹ ቃል ገባች። እኔም ላንተ እገባልሃለሁ። እግሬ እስካለ ድረስ በየበዓሉ፣ ምሳ እንደተነሳ፣ በዚያ በር ላይ ስምህን እንጠራለን። ኦቦ ደበላ የተረፈውን አጥንት በዚያው ቢጫ ጥለት ጠቅልለው መልሰውልናል፤ ሰናይት ወልዳ ልጇም ግራኝ ቢሆን ይበቃዋል አሉ። ዛሬ ጠዋት መሰላሉን አምጥቼ በቦታው ማገሩ ላይ አሰርኩት፤ እትዬ በላይነሽ ያዙልኝ። ገና ከመሰላሉ ሳልወርድ ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ ገባች፤ ቀና ብላ አየችው፣ አማተበች፣ ምጣድ ጥጃለሁ ብላ ሄደች። ይጠርጥሩኝ። ደፍሮ ለጠየቀኝ ሁሉ ያንተ እንደሆነ እነግረዋለሁ።

ሌላም የደበቅከኝ ነገር ካለ፣ ሙሌ፣ መሰላሉን ከበረንዳው አላነሳሁትም።

ወይኒ